የጥቅምቱ ቢጫ ካርድ

ራዲም ኮውትኒ የቀኝ ጫማውን ክር ሦስተኛ ጊዜ ፈታው። መልሶ እንደማሰር ክሩን በጣቱ ላይ እየጠመጠመ ተቀመጠ። ከመልበሻ ክፍሉ መስኮት ውጭ የሜዳው መስመር በኖራ እየተሰመረ ነው። ዕለቱ እሑድ ነው። ጨዋታው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ይጀመራል። በቭርቤትስ ከተማ ኳስ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከምሳ በፊት የሚታይ ነገር ነው፤ ሴቶቹ የዳክዬ ጥብሱን ከምድጃ የሚያወጡት የመጨረሻውን ፊሽካ ከሩቅ ሰምተው ነው።

ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሃያውን ዓመት ኳስ የእንጀራ ገመዱ ሆና ኖራለች፤ ዛሬ ያበቃል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የክለቡ ሊቀ መንበር የስንብት ንግግር ጽፎ በደረት ኪሱ ይዟል። የሊቀ መንበሩ ሚስት ነጭ አበባ ገዝታ፣ ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ውሃ ማሞቂያው ያለበት ክፍል ውስጥ ደብቃለች። ራዲም እንዳያየው ታስቦ ነበር። ግን ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ በዚያ በር ስለሚያልፍ ገና ጠዋት አይቶታል።

ከተማው የማያውቀው ዛሬ መጫወት እንደማይፈቀድለት ነው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በአንድ የውድድር ዘመን አራት ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለውን አንድ ጨዋታ ይቀጣል። ባለፈው እሑድ፣ ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱ፣ ራዲም አንድ ቢጫ አየ። በክለቡ ደብተር ይህ ሦስተኛው ነው። በራዲም ቆጠራ ግን አራተኛው ነው፤ የተሳሳተውም ደብተሩ ነው። ፌዴሬሽኑ አስቀድሞ ለማንም አይናገርም፤ መቁጠር የየክለቡ ፈንታ ነው። ቅጣት ያለበትን ሰው አሰልፎ የተገኘ ክለብ ሦስት ለባዶ በፎርፌ ይሸነፋል። ቭርቤትስ ደግሞ ወደ ታች ላለመውረድ ከዛሬው ጨዋታ አንዲት ነጥብ ያስፈልገዋል።

ደብተሩን የሚይዙት የቡድን መሪው ኦታካር ሸቤላ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። የራዲም አማት፣ የብላንካ አባት ናቸው። ብላንካ፣ የራዲም ሚስት፣ ባለፈው ጥቅምት ሞታለች።

ኦታካር ዕድሜያቸውን ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲያሳልፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደቂቃ ሲዛነፍ ያማቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የቡድን መሪ ሲሆኑ ክለቡ በወረቀት ስህተት አንድ ነጥብ አጥቶ አያውቅም። በቆዳ ቦርሳቸው ውስጥ የተጫዋቾቹ ቴሴራ፣ ያ ዳኛው ከጨዋታ በፊት የሚመረምረው ፎቶና ማኅተም ያለበት መታወቂያ፣ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጣል። ከሥሩ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ገጽ፤ ቀኑ፣ አየሩ፣ አሰላለፉ፣ ጎሉ፣ ካርዱ ከነደቂቃው። «ኦታካር የጻፉትን ዳኛም አይሰርዘው» ይባላል በከተማው።

ራዲም ሳምንቱን ሙሉ ሊነግራቸው ሞክሮ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአማቱ ጋር ምሳ ይበላል። ሳይነጋገሩበት ከጥቅምት ወዲህ የጸና ልማድ ነው። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ነው ማብሰል የሚችሉት፤ ነጭ የእንስላል መረቅ ከድንችና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ይበላሉ፤ ሬዲዮው ያወራል።

«ቆጠርኩልህ» አሉ ባለፈው ማክሰኞ፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። «ሦስት ነው ያለህ። ለእሑድ ንጹሕ ነህ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? የቆጠርኩት እኮ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ።» ቀጥለው ፈገግ አሉ። «ብላንካ ብትኖር ኬክ ትጋግርልህ ነበር። እኔ መጋገር አልችልም። እኔ የምችለው መቁጠር ነው።»

በስምንት ወር ውስጥ ስሟን ሲጠሩ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ፈገግታቸውንም ካየ ያን ያህል ጊዜ ሆኖታል። ራዲም አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ከድንቹ ጋር ዋጠው።

ያቺ የጎደለች ካርድ የት እንደቀረች ያውቃል። ብላንካ የተቀበረችው ረቡዕ ነበር። ቅዳሜ ዛልሆስቲ ከሚባል ከተማ ጋር ጨዋታ ነበራቸው፤ እዚያው በዛልሆስቲ ሜዳ። ራዲም ቦርሳውን ይዞ ወደ አውቶቡሱ መጣ። ለምን መጣህ ብሎ የጠየቀው የለም። ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቅቶት እንደሆነ ለመገመት ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። ትንሽ ቆይተው ኦታካርም የቆዳ ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ኦታካር ብቻ አንድ ጊዜ «መስኮቱን ዝጋው፣ ይበርዳል» አሉ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

በስድሳ ሁለተኛው ደቂቃ ራዲም ምንም ያላደረገውን ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታው። ኳሷ ሩቅ ነበረች። ዳኛው ዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፤ ወሬውን ሰምቷል። ቀይ መምዘዝ ሲገባው ቢጫውን ቀስ ብሎ አወጣና «በቃህ፣ ኮውትኒ» አለው በለሆሳስ። ራዲም ያኔ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ዞር አለ። አማቱ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። የብዕሩ ክዳን አልተከፈተም። ሜዳው መሀል ላይ፣ ማንም የሌለበትን ቦታ ይመለከታሉ። ጨዋታው ሲያልቅ የዳኛውን ወረቀት ሳያነቡ ፈረሙ። ራዲም አምበል ስለሆነ ከሥራቸው ፈረመ፤ እሱ አንብቧል።

እና አሁን ምን ብሎ ይንገራቸው? ያን ቀን እርስዎ አልነበሩም ሊላቸው ነው? እሱስ የት ነበረ?

ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰበ።

«ሉድቪክ» አለ ቀና ብሎ። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። ዛሬ አልችልም።»

አሰልጣኙ ሉድቪክ የተጫዋቾቹን ቦታ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣለ ነበር። ከራዲም በሁለት ዓመት ያንሳል፤ ለዚህም ሲል «ጋሼ» እያለ ያበሽቀዋል።

«የቱ ጉልበትህ?»

«የግራው።»

«ባለፈው ወር የቀኙ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«አሁን የግራው ነው።»

«ጉልበቶቹ ተራ ገብተዋል ማለት ነው» አለ በረኛው ከማዶ፣ ጓንቱን በጥርሱ እየሳበ። ክፍሉ ሳቀ።

ሉድቪክ ጠመኔውን አስቀመጠ። «አሥራ አምስት ዓመት አውቅሃለሁ። የጎድን አጥንትህ ተሰብሮ ተጫውተሃል። ትኩሳት ይዞህ ተጫውተሃል። እግርህ ዱባ እስኪመስል አብጦ ጫማ በሁለት ቁጥር አስበልጠህ ተጫውተሃል። ዛሬ ነው እንዴ ጉልበት እንዳለህ ትዝ ያለህ? ዶክተር! ወዲህ ይምጡ እስቲ።»

የክለቡ ሐኪም የከተማው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው። መርፌውን ከቦርሳው አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አነሣው።

«እግርህን ዘርጋልኝ» አለ። «አፍህን መክፈት አያስፈልግም።»

«አይሆንም፣ ዶክተር። መርፌ አልፈልግም።»

«አንተ? መርፌ?» ሐኪሙ በእውነት ግራ ገባው። «ባለፈው ዓመት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ወግቼሃለሁ። ከበሽተኞቼ ሁሉ አንተ ብቻ ነህ ጮኸህ የማታውቀው።»

ራዲም ሃያ ዓመት ሙሉ «አመመኝ» ብሎ አያውቅም። ሲያመው መርፌ ይወጋ ነበር፤ መርፌው ሲያልቅ በበረዶ ያደነዝዘው ነበር። ሌላው ተጫዋች በሳምንት አንድ ጊዜ የሚናገረውን ውሸት እሱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢናገር የሚያምነው አጣ።

ሉድቪክ አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ስማ። ስንብት ያስፈራል። እኔም በመጨረሻው ቀኔ ሽንት ቤት ገብቼ አልወጣም ብዬ ነበር። አሥር ደቂቃ ብቻ ተጫወትልኝ። ከዚያ አወጣሃለሁ፤ ቆመው ያጨበጭቡልሃል፤ አበባውን ትቀበላለህ… አበባ የሚባል ነገር የለም እንጂ። ያልቃል።»

አሥር ደቂቃ። ራዲም አሥሩን ደቂቃ አሰበው። ለአንድ አፍታ ጥሩ መስሎ ታየው። ሣሩ ዛሬ አጭር ነው፤ ጤዛውም አለ፤ ኳስ በእንዲህ ያለ ሣር ላይ እንዴት እንደምትንሸራተት እግሩ ያውቀዋል። አሥር ደቂቃም ግን አንድ ደቂቃም ለፎርፌ እኩል ነው።

ተነሣ። ጉልበቱ በእውነትም አመመው።

ኦታካር ኮሪደሩ ላይ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው የአሰላለፉን ወረቀት እየሞሉ ነበር። እስከ አምስተኛው ስም ደርሰዋል። ራዲም ስድስት ቁጥር ነው።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ይምጡ።»

«ልጨርስና።»

«አይጨርሱ። አሁን ይምጡ።»

የማሞቂያው ክፍል ጠባብና ሞቃት ነበር። አበባው ባልዲው ውስጥ አለ። ኦታካር አበባውን በሰውነታቸው ለመከለል ሞከሩ።

«ይኼን አላየህም።»

«አላየሁም። አባባ፣ አራት ካርድ ነው ያለብኝ።»

«ሦስት ነው።»

«አራት ነው።»

«ሦስት ነው አልኩህ። ጥር፣ አይ፣ ነሐሴ አንድ፣ ሚያዝያ አንድ፣ ያለፈው እሑድ አንድ። ደብተሩ ላይ አለ።»

«ዛልሆስቲ ላይም አንድ አይቻለሁ። በጥቅምት።»

ሽማግሌው ደብተሩን ከብብታቸው አውጥተው ወደ ኋላ ገለጡ። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ይገልጣሉ፤ አንድ ገጽ አለፉ፣ ተመለሱ። ራዲም ከትከሻቸው በላይ አየው። ቀኑ አለ። «ዝናብ» ይላል። አሥራ አንዱ ስም በዚያ በሚያምር፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው ተሰልፏል። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው። የጨዋታው ውጤት እንኳ የለም።

ማሞቂያው አጉረመረመ።

«ስንት ለስንት ነበር?» አሉ ኦታካር።

«ሁለት ለባዶ ተሸነፍን።»

«ሁለት ለባዶ።» ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አደረጉ። «ዝናብ መሆኑን ጽፌያለሁ።»

«አዎ። ዘንቦ ነበር።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያኔውኑ።»

«ማክሰኞ ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ጉልበቴን አመመኝ ስትል የሰማሁህ ለዚህ ነው?»

 ሽማግሌው ደብተሩን ዘጉት። ኮታቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው አስተካከሉ፤ ባቡር ሲመጣ መድረኩ ላይ እንደሚያደርጉት።

«ጉልበት የሚያምህስ ከሆነ» አሉ፣ «ለአማትህ ትነግራለህ እንጂ ለጥርስ ሐኪም አይነገርም።»

ወደ መልበሻ ክፍሉ ቀድመውት ገቡ። ራዲም ተከተላቸው።

«ሉድቪክ፣ ራዲም አይጫወትም። ቅጣት አለበት። አራት ካርድ ነው። አንዱን ሳልጽፍ ቀርቼ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

 ሉድቪክ ሰዓቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው? አቶ ኦታካር፣ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚነግሩኝ? ሳምንቱን ሙሉ እሱን መሀል አድርጌ ነው ያሰለጠንኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆጥሩ ኖረው…»

«የጥቅምቱን ነው ያልጻፍኩት» አሉ ኦታካር። «የዛልሆስቲውን።»

ሉድቪክ አፉን ከፍቶ ነበር። መጀመሪያ የገባው በረኛው ነው፤ ጓንቱን ማየት ጀመረ። ከዚያ አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ጣራውን። ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ያልነበረ ከመካከላቸው ጥቂት ነው።

«እኔ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ» አለ ራዲም።

«አንተ ተጫዋች ነህ። ተጫዋች ይጫወታል፤ መሪ ይቆጥራል» አሉ ሽማግሌው ሳይዞሩ።

ሉድቪክ ከሰሌዳው ላይ ስድስት ቁጥርን በመዳፉ አጠፋት። «እሺ» አለ። ድምፁ ደክሞ ነበር። «እሺ። ቪለም፣ አንተ አንድ እርምጃ ወደፊት ትወጣለህ። ሌሎቻችሁ ስሙኝ።»

ራዲም ማሊያውን አውልቆ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። የራሱን ሸሚዝ ለበሰ። ኦታካር ከላስቲኩ ውስጥ የእሱን ቴሴራ መዝዘው ሰጡት።

«ዳኛው ዘንድ መግባት የለበትም። አንተው ያዘው።»

ቴሴራውን እጁ ላይ ይዞ ካየው ብዙ ዘመን ነው። ሁልጊዜ ከቦርሳ ወደ ዳኛ፣ ከዳኛ ወደ ቦርሳ ነው የሚሄደው። ፎቶው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ብለዋል፤ ፀጉሩን እናቱ እንደቆረጠችው ያስታውቃል። ፎቶው መቀየር የነበረበት ድሮ ነው፤ ኦታካር ግን «ፊትህ ያው ነው» እያሉ ትተውታል። ዳኞች ሁሉ ፎቶውን አይተው፣ እሱን አይተው፣ እንደገና ፎቶውን ያያሉ።

ከፎቶው ሥር ማኅተሞቹ ተደራርበዋል። መጀመሪያ ቭርቤትስ። ከዚያ ብሔራዊ አገልግሎቱን የጨረሰበት የጦር ሠራዊቱ ክለብ። ከዚያ በድንጋይ ከሰል ጢስ የጠቆረው ትልቅ ከተማ፤ በአንደኛ ዲቪዚዮን ዘጠኝ ዓመት፣ ስምንት ጎል። ስምንት ጎል ብቻ ያገባ አማካይ በጋዜጣ ስሙ አይወጣም። ሥራው የሌላውን ኳስ ቀምቶ ለሌላው መስጠት ነበር። አንድ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ዘጠና ደቂቃ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ተመልሶም ብላንካን «ወንበሩ ጥሩ ነው» አላት። ከዚያ ግሪክ፣ ሁለት ዓመት፤ ብላንካ የተማረችው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ ዳቦ፣ ዓሣ፣ ነገ። ከዚያ ከድንበሩ ማዶ የኦስትሪያ ገጠር፣ ተጫዋች ሲያረጅ የሚሄድበት። በመጨረሻም እንደገና ቭርቤትስ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማኅተም አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ብቻ ደብዝዟል።

ቴሴራውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ከጨዋታው በፊት የእንግዳው ቡድን መሪ ሆርዚኔክ ማመሳከር ይደረግልኝ አለ። መብቱ ነው፤ ሁለቱ ቡድን ይሰለፋል፣ ዳኛው ፎቶና ፊት እያስተያየ ያልፋል። ሆርዚኔክ ቀጭን፣ መነጽራም ሰው ነው፤ የሌላውን ክለብ ካርድ ከራሱ ክለብ ካርድ አስበልጦ እንደሚቆጥር አገር ያውቀዋል። ደብተሩን በእጁ ይዞ በቭርቤትስ ሰልፍ ፊት ለፊት ሄደ፤ ተመለሰ።

«ኮውትኒ የታለ?» አለ።

«አራት ካርድ አለበት» አሉ ኦታካር ከጎኑ፣ ረጋ ብለው። «እንዴት፣ እርስዎ አልቆጠሩም?»

ሆርዚኔክ ደብተሩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «ቆጥሬያለሁ» አለ ቅር ብሎት፤ ደብተሩንም ዘጋ።

ራዲም ይህን ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሰማ። የተቀጣ ተጫዋች ከተቀያሪዎች ጋር መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ ከተመልካች ጋር ነው የሚቆመው። የት እንደሚቆም አላሰበበትም ነበር። እግሩ የቋሊማ መጥበሻውን አልፎ ሊንደን ዛፉ ሥር ወዳለው የአጥር ብረት ወሰደው። የብላንካ ቦታ ነበር። ከሜዳው ውስጥ ሆኖ ሁልጊዜ እዚያ ያያት ነበር፤ ክረምት በሰማያዊ ኮፍያ፣ በጋ በባዶ ራሷ። ብረቱ ላይ ክርኗ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቋል።

አጠገቡ ጡረተኛው ማቶውሽ ቢራውን ይዞ ቆሟል። ዕድሜ ልኩን እዚህ ቆሞ ተጫዋች ሲሳደብ የኖረ ሰው ነው።

«ኧረ ኮውትኒ» አለ። «በመጨረሻ ገንዘብ ከፍለህ ልታየን መጣህ?»

«አልከፈልኩም።»

«አውቄያለሁ። ዘንድሮ የሮጥከውን ያህል እኔም ከዚህ እስከ ቢራ ቤቱ እመላለሳለሁ።» ቢራውን ጎንጨት አለ። ቀጥሎ ሳያየው፣ «እሷ ስድብ ሳበዛ ዝም በል ትለኝ ነበር» አለ። «አሁን የሚከለክለኝ የለም። ደስ አይልም።»

ጨዋታው ተጀመረ። ራዲም ኳስን ከውጭ ሆኖ ማየት አያውቅበትም። ሁሉም ነገር ዘግይቶ የሚደረግ መሰለው። እንግዶቹ ገና በሃያኛው ደቂቃ ጎል አገቡ፤ ቪለም አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ የተወውን ቦታ ነው የተጠቀሙበት፤ የራዲም ዓይን ከዚያ ባዶ ቦታ አልተነሣም። ሉድቪክ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ። ተቀያሪ ወንበሩ ዳር ላይ ኦታካር የብዕሩን ክዳን ከፍተው ጻፉ።

ከዕረፍት በኋላ ቭርቤትስ በስተግራ ባለው ጎል ላይ ማጥቃት ጀመረ። ያኔ ነው ራዲም ያስተዋለው። ከዚህ ቦታ የግራው ጎል አይታይም። የሊንደኑ ግንድ ሙሉ በሙሉ ይከልለዋል። አንገቱን አሰገገ፤ ወደ ግራ ተጠጋ፤ እዚያ ደግሞ የውጤት ሰሌዳው አለ። የጎሉን አንድ ቋሚ ብቻ፣ እሱንም ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ታያለህ።

ለዚህ ክለብ በዚያ ጎል በኩል ሦስት ጎል አግብቷል። ሦስቱንም ቀን ብላንካን «አየሽው?» ብሏታል። «አየሁት» ብላዋለች ሦስቱንም ጊዜ። አንዱን እንዲያውም «ጥሩ አድርገህ ነው የመታኸው» ብላለች።

ወደ ቦታዋ ተመለሰ። ክርኑን ቀለሙ የለቀቀበት ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሜዳው መሀል ነው። መሀሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ፣ ስድስት ቁጥር ሲሮጥ የሚውልበት ቦታ ሁሉ። ዛሬ እዚያ ብዙም ሰው አልነበረበትም።

«ምን ሆንክ?» አለ ማቶውሽ።

«ምንም። ፀሐዩ ነው።»

ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ቭርቤትስ የማዕዘን ምት አገኘ፤ በግራ በኩል። ኳሷ ከፍ ብላ ከዛፉ ኋላ ገባች። ራዲም ቅጠል ብቻ ነበር የሚያየው።  ከዚያ የሰዉ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ከወዲያኛው በኩል፣ ቀጥሎ ከቢራ ቤቱ፣ ቀጥሎ ቋሊማ ጠባሹ መቆንጠጫውን በብረቱ ላይ ሲቀጠቅጥ።

«ገባ?» አለ ራዲም።

«ቪለም በቴስታ!» አለ ማቶውሽ፤ ግማሽ ቢራው እጁ ላይ ፈስሷል። «ያ ግንድ ራስ! አይተህ አታውቅም እንጂ እኔም እንደሱ ነበርኩ።»

አንድ ለአንድ አለቀ። አንዲቷ ነጥብ ተገኘች። ተጫዋቾቹ ቪለምን ሳር ላይ ጥለው ተደራረቡበት። ሊቀ መንበሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ንግግሩን ለመጀመር ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜም ጩኸቱ ዋጠው፤ ሰዉም ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። ራዲም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሜዳው ጭር ሲል ኦታካር ቦርሳቸውን ይዘው በዝግታ ወደ አጥሩ መጡ። በሌላኛው እጃቸው ባልዲውን ይዘዋል። አበባው ውስጥ አለ።

«ሊቀ መንበሩ በሌላ ቀን ንግግሩን አሰማለሁ ብሏል» አሉ። «እንዳትሄድለት። አበባውን ግን እስከዚያ አይቆይም ብዬ አመጣሁት። የምትወስድበትን ታውቃለህ።»

«አብረን እንውሰደው።»

«አብረን።» ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ጎሉን አየኸው?»

«አየሁት» አለ ራዲም።

ሽማግሌው ግንዱን አዩት፤ ከዚያ እሱን።

«ከዚህ አይታይም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ብዙ ጊዜ ነግሬያት ነበር። ወዲያ ፈቀቅ በዪ፣ ጎል አታዪም እላታለሁ። ጎል ምን ያደርግልኛል ትለኛለች።»

 ደብተሩን አውጥተው ብረቱ ላይ ዘረጉት፤ ቀለሙ በለቀቀበት ቦታ ላይ። የገለጡት የዛሬውን ገጽ ሳይሆን የጥቅምቱን ነበር። የብዕሩን ክዳን ነቅለው በጥርሳቸው ያዙት።

«ስንተኛው ደቂቃ ነበር?» አሉ ክዳኑን እንደያዙ።

«ስድሳ ሁለት።»

ጻፉት። በላዩ ላይ ሁለት ለባዶ ብለው ጻፉ።

«ልጁን ለምን ነበር የመታኸው?»

«እንጃ። ምንም አላደረገኝም ነበር።»

ኦታካር ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የሚጽፉበት ቦታ ደብተሩ ላይ የለም። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ገጹን ሳይዘጉ፣ በእጃቸው ጥላ አድርገውለት ቆሙ። ራዲምም አብሮ ቆመ።